አሥር ጊዜ ታጥቦ፦ የትንሽ ቲሸርት ሕትመት ሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረችውን ጠባብ ክፍል አስለቀቅኩ። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያና ቆሞ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ትይዛለች። በትዕዛዝ ቲሸርት የማተም ሥራ እጀምራለሁ ብዬ ከወሰንኩ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ ያ ሁለት ወር በማንበብና በማሰብ አለፈ። ከዛሬ ጀምሮ በእጄ የሠራሁትን እጽፋለሁ።

መነሻዬ አንድ አሮጌ ቲሸርት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሩጫ ጓደኞቼ ጋር ለመጀመሪያው ረጅም ውድድራችን ያሳተምነው ነው። የስምንታችንም ስም በጀርባው ላይ ሰፍሮ ነበር። በሦስተኛው እጥበት ፊደሎቹ ተሰነጣጠቁ፤ በአምስተኛው እንደ ደረቀ ልጣጭ እየተቀረፉ ረገፉ። ያተመልን ሰው ሊያታልለን አስቦ ነበር ብዬ አላምንም። ሲያስረክበን ሕትመቱ ያማረ ነበር፤ አጥቦ ግን ያየው አይመስለኝም።

ቲሸርቱን ክፍሏ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀልኩት። ከሥሩም ለራሴ አንድ ሕግ ጻፍኩ፦ ማንኛውም አዲስ ቀለምና አዲስ ጨርቅ አንድ ላይ ሲገናኙ፣ ናሙናው አሥር ጊዜ ታጥቦ ካልታየ ለማንም አይሸጥም። ውኃው 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማጠቢያው ማሽን፣ ሕትመቱም ወደ ውጭ እንደሆነ ይታጠባል። ደንበኛ ልብሱን ገልብጦ ያጥባል ብዬ አልተማመንም።

ቀን 3

የትኛውን የሕትመት ዘዴ እንደምይዝ ወሰንኩ። ውሳኔው ቀላል አልነበረም፤ እያንዳንዱ ዘዴ የሚያዋጣበት ቦታ አለው።

በሙቀት የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ፣ ብዙዎች ቪኒል የሚሉት፣ በአንድ ቲሸርት ላይ ስምና ቁጥር ለማስፈር የሚተካከለው የለም። ንድፉ ተገልብጦ በመቁረጫ ማሽን ይቆረጣል፣ ትርፉ በመርፌ ተለቅሞ ይወጣል፣ ከዚያ በማተሚያ ካውያ ይጫናል። ችግሩ ያ መልቀም ነው። ለሁለት ቲሸርት ደስ ይላል፤ ለሃምሳ ግን ዓይንና ጣት ይጨርሳል።

ሰብሊሜሽን የሚባለው ደግሞ ቀለሙ በ200 ዲግሪ ገደማ ወደ ጋዝ ተለውጦ ወደ ፖሊስተሩ ክር ውስጥ የሚገባበት ነው። ቀለሙ የክሩ አካል ስለሚሆን አይላጥም፣ በእጅ ሲዳሰስም አይታወቅም። ነገር ግን ጥጥ አይቀበለውም፤ ነጭ ቀለም ስለሌለውም በጥቁር ልብስ ላይ አይታይም። እኔ ጥጥ ማተም እፈልጋለሁ።

በፊልም ላይ ታትሞ፣ የሙጫ ዱቄት ተነስንሶበት በሙቀት ወደ ልብስ የሚሸጋገረው ዘዴ ፎቶግራፍ የሚመስል ብዙ ቀለም ያለው ሥራ ላይ ድንቅ ነው። ማሽኑ ግን ሥራ ፈትቶ ከቆመ ነጭ ቀለሙ ይዘቅጥና አፉን ይደፍነዋል። በሳምንት ሁለት ትዕዛዝ ለሚጠብቅ ጀማሪ አይሆንም። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ የታተመውን ፊልም ማሽኑ ካላቸው ባለሙያዎች ገዝቼ እዚህ በካውያ ልጫነው እችላለሁ።

የቀረው ቀለም በተወጠረ መረብ እየተሳበ የሚታተምበት ስክሪን ነው፤ የመረጥኩትም እሱን ነው። ዝግጅቱ ረጅም፣ ሕትመቱ አጭር ነው። አንድ ንድፍ በብዛት የሚፈልጉ ማኅበራት፣ ቡድኖችና ትንንሽ ድርጅቶች ላይ አተኩራለሁ። ደግሞም በስክሪን የተቀመጠ ቀለም ውፍረትና ድምቀት አለው፤ ይህን ስናገር የምወደውን ነገር እያወደስኩ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቀን 6

ዕቃ ተሟላ። ስክሪን ማለት በክፈፍ ላይ የተወጠረ ወንፊት ነው። ድሮ ሐር ነበር፤ አሁን የፖሊስተር መረብ ነው። የመረቡ ጥራት የሚለካው በአንድ ሳንቲሜትር ውስጥ ባሉት ክሮች ብዛት ነው። እንደ ማንኛውም ወንፊት ሁሉ ክሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል፣ የሚያልፈውም ይቀንሳል። ሁለት ዓይነት ገዛሁ፦ አንደኛው 43 ክር ያለው፣ ለወፍራም ፊደልና በጥቁር ልብስ ላይ ለሚቀመጥ ነጭ ቀለም፤ ሌላኛው 77 ክር ያለው፣ ለቀጫጭን መስመሮች።

ክፈፎቹ አሉሚኒየም ናቸው። እንጨት ዋጋው ይረክሳል፤ ግን ውኃ እየነካው ይጣመማል፣ የተጣመመ ክፈፍ ደግሞ ቀለም በአንድ በኩል አጥግቦ በሌላው ያስርባል። መረቡን በጣት ስነካው እንደ ከበሮ ቆዳ ሊመልሰኝ ይገባል። ከሱቁ ካነሳኋቸው አምስት ክፈፎች ሁለቱን የረገበ ስለነበር መለስኩ።

ለሙከራ ነጭና ጥቁር የጥጥ ቲሸርቶች ገዛሁ፤ ክብደታቸው በካሬ ሜትር 180 ግራም ነው። ከዚህ የሳሳ ነጭ ልብስ ገላ ያሳያል።

ቀን 9

ስለዚህ ቀን ብዙ መጻፍ አለብኝ፤ ይህን ክፍል ማንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያልፈው አይገባም።

ንድፉ ወደ መረቡ የሚገባው በብርሃን ነው። ኢመልሽን የሚባል ወፍራም ፈሳሽ በመረቡ በሁለቱም ገጽ በስሱ ይቀባል፤ ከዚያ በጨለማ ይደርቃል። ፈሳሹን የሚያጠነክረው ብርሃን አልትራቫዮሌት ስለሆነ በቢጫ አምፖል ሥር መሥራት ይቻላል። ሲደርቅ፣ ጥቁር ንድፍ የታተመበት ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ፣ ፊልም የሚባለው፣ ይደረብበትና በመብራት ይመታል። ብርሃን ያገኘው ቦታ ይጠነክራል፤ ጥቁሩ የጋረደው ግን እንደ ለሰለሰ ይቀራል፣ በውኃም ይታጠባል። የተከፈተው ቦታ ቀለም የሚያልፍበት በር ነው።

ጥያቄው መብራቱ ምን ያህል ይብራ የሚለው ነው። ይህን ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ የእኔ አምፖል፣ የእኔ ርቀት፣ የእኔ ኢመልሽን ውፍረት ከሌላው ሰው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ ፈተንኩት። በአንድ ስክሪን ላይ ተመሳሳይ መስመሮች ያሉበት ፊልም አስቀመጥኩና አንድ ጫፉ ብቻ እስኪቀር በካርቶን ሸፈንኩት። በየአንድ ደቂቃው ካርቶኑን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብኩ። በመጨረሻ ከ1 ደቂቃ እስከ 8 ደቂቃ ብርሃን ያገኙ ስምንት ዓምዶች ወጡ።

ውኃ ስለቅበት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓምዶች እንደ ንፍጥ ተዝለግልገው ወረዱ። አራተኛውና አምስተኛው ቆሙ፤ ነገር ግን በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ነበሩባቸው። ስድስተኛው ጥርት ብሎ ተከፈተ። ሰባተኛው ላይ ቀጫጭኖቹ መስመሮች መጥበብ ጀመሩ፤ ስምንተኛው ላይ ጨርሶ አልተከፈቱም። ስድስት ደቂቃ! ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ ከአምፖሉ አጠገብ ለጠፍኩ።

አንድ ነገር ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በላብኝ። በሌዘር ፕሪንተር ያተምኩት ፊልም ለዓይኔ ጥቁር ነው፤ ወደ መስኮት አንስቼ ሳየው ግን ጥቁሩ ውስጥ ብርሃን ይንሾካሾካል። ያ ጥቂት ብርሃን መከፈት ያለበትን ቦታ ግማሽ በግማሽ አጠንክሮት ነበር። መፍትሔው ሁለት ተመሳሳይ ፊልም አትሞ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ መደረብ ነው። ከዚያ በኋላ ተሳካ።

ቀን 10

ኢመልሽኑ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። እርጥበት የቀረበት ስክሪን ብርሃኑ ምንም ያህል ቢመታው አይጠነክርም፤ መቸኮል አያዋጣም። በዚህ መሃል ስለ ሥራው ታሪክ አነበብኩ። በሐር መረብ የማተም ዘዴ በእንግሊዝ አገር የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ባለመብቱ የማንቸስተሩ ሳሙኤል ሳይመን ነበር። ዛሬ በየማተሚያ ቤቱ የሚታየው፣ ክንዶቹ እንደ ጎማ ቸርኬ የሚዞሩት ባለብዙ ቀለም የልብስ ማተሚያ ደግሞ የማይክል ቫሲላንቶን ፈጠራ ነው፤ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት የተሰጠውም እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ያለው አንድ ክንድ ብቻ ነው፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ቀን 12

የመጀመሪያው ሕትመት በአሮጌ ጨርቅ ላይ ሆነ። ስክሪኑን በማጠፊያ ከጠረጴዛው ጋር አያያዝኩ፤ ጨርቁን ሰሌዳው ላይ ዘርግቼ በሚረጭ ሙጫ በስሱ አጣበቅኩ፤ ቀለም አፈሰስኩና ስኩዊጂውን፣ ያን ባለ ጎማ ምላስ መጎተቻ፣ በሙሉ ኃይሌ ተጫንኩት። ፊደሎቹ ዙሪያቸውን ረጥበው ወጡ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ባሰ።

ለረጅም ዓመታት በዚህ ሙያ የኖሩ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ አሉ። ጋሼ ብዬ ነው የምጠራቸው። ማምሻውን ጠራኋቸውና መጥተው አንድ ጊዜ ሲያዩኝ ብቻ ችግሩን አወቁት።

«ልጄ፣ ቀለሙን ጨርቁ ውስጥ አትቅበረው። ጨርቁ ላይ አስቀምጠው» አሉኝ።

ከዚያ ከክፈፉ ሥር በሁለቱም ማዕዘን የታጠፈ ካርቶን ወሽቀው ስክሪኑን ከጨርቁ 3 ሚሊሜትር ያህል አራቁት። መረቡ ስኩዊጂው በሚያልፍበት መስመር ላይ ብቻ ጨርቁን ነክቶ ወዲያው ተመልሶ መነሳት አለበት። ተጣብቆ ከቀረ ቀለሙን ይዞት ይነሳል፤ ጠርዙም ይዝረከረካል። በመጀመሪያ ስክሪኑን አንስቼ ያለ ጭነት ቀለሙን በቀዳዳዎቹ ላይ ማልበስ፣ ቀጥሎ አውርጄ በአንድ ወጥ ጉልበት መሳብ። ሁለት እንቅስቃሴ ናቸው። ጋሼ እጄን በእጃቸው ይዘው ሁለት ጊዜ አሳቡኝ፤ በሦስተኛው ራሴ ሳብኩ። ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ መሰለ። እስካሁን ያ ጨርቅ መደርደሪያው ላይ ተጣጥፎ አለ።

ቀን 15

ዛሬ የግድግዳው ቲሸርት ለምን እንደረገፈ ገባኝ።

የያዝኩት ቀለም ፕላስቲሶል ነው። ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች በሚያለሰልስ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፈው ያሉበት ቀለም ነው። ውኃ ስለሌለው በራሱ አይደርቅም፤ ስክሪኑ ላይ ለሰዓታት ቢቆይ እንኳ ያው ነው። ለጀማሪ ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ሕትመቱ ላይም እንዲሁ ነው፤ ቅንጣቶቹ ተዋሕደው አንድ ገላ የሚሆኑት መላው የቀለም ንብርብር 160 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ላዩ ብቻ ከሞቀ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፣ ከሥር ግን እንደ ጥሬ ይቀራል። ጨርቁን የያዘው ደግሞ ያ የታችኛው ነው።

የመጀመሪያዎቹን አራት ናሙናዎች በቤት ካውያ አበሰልኳቸው። ያምሩ ነበር። በሁለተኛው እጥበት የአንዱ ጠርዝ ተነሳ፣ በሦስተኛው ሁሉም ተሰነጠቁ። አራቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ከግድግዳው ጋር አስተያየኋቸው፤ ስንጥቃቸው አንድ ዓይነት ነው። በጨረር የሚለካው ቴርሞሜትር 165 ዲግሪ ብሎኝ ነበር፤ እሱ ግን የሚያየው ላዩን ብቻ ነው።

ለሌላ ማሽን ያስቀመጥኩትን ገንዘብ አውጥቼ ጠፍጣፋ ማተሚያ ካውያ ገዛሁ። ሙቀቱንና ሰዓቱን የሚቆጣጠር ነው። ከሕትመት በፊት ቲሸርቱን ለአምስት ሰከንድ እጫነዋለሁ፤ ጥጥ በውስጡ እርጥበት ይይዛል፣ ያ እርጥበት ደግሞ መጀመሪያ ካልወጣ ለቀለሙ የታሰበውን ሙቀት ይበላዋል። ከሕትመት በኋላ በማይጣበቅ ወረቀት ሸፍኜ፣ በቀላል ጭነት 40 ሰከንድ። ሲቀዘቅዝ ሕትመቱን በሁለት እጄ እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል እለጥጠዋለሁ። የበሰለ ቀለም ከጨርቁ ጋር ተለጥጦ ይመለሳል። ያልበሰለ ይሰነጠቃል። ይህ የመለጠጥ ፈተና ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ በፊት የሚደረግ ሆኗል።

አራት አዲስ ናሙና ወደ ማጠቢያ ገቡ።

ቀን 17

የተረፈ ቀለም ተጠርጎ ወደ ጣሳው ይመለሳል። የሚጣለው ደግሞ በሙቀት ጠንክሮ ነው የሚጣለው። ፈሳሹን ወደ ፍሳሽ መስመር መልቀቅ ቱቦውን ይደፍናል፣ ውኃውንም ይበክላል። ስለዚህ እጠርግና በጨርቅ አጸዳለሁ፤ ውኃ የሚነካው ስክሪኑ ከጸዳ በኋላ ነው።

ቀን 26

አሥረኛው እጥበት። አራቱም ናሙናዎች ቆመዋል። ነጩ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም ድምቀቱ በጥቂቱ ቀንሷል፤ ስንጥቅ የለም፣ የተነሳ ጠርዝ የለም። ጨርቁ ግን በቁመቱ ወደ 3 ሳንቲሜትር አጥሯል። ይህን ለደንበኛ አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ መጠን በሚያማርጥበት ሰዓት እንጂ ከገዛ በኋላ አይደለም።

ጥቁሩ ላይ ያለው ነጭ ብዙ አስተማረኝ። አንድ ጊዜ የተሳበ ነጭ በጥቁር ጨርቅ ላይ ግራጫ ሆኖ ነው የሚወጣው። ወፍራም እንዲሆን ስኩዊጂውን ደጋግሞ መሳብም አያድነውም። በመጀመሪያ አንድ ንብርብር ይታተማል፣ ከላይ በሚያሞቅ መሣሪያ ሲነኩት በጣት የማይያዝ እስኪሆን ብቻ በጥቂቱ ይረጋል፣ ከዚያ ሁለተኛው በላዩ ይታተምና አንድ ላይ ይበስላሉ። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከበሰለ ሁለተኛው አይይዘውም። በልክ ማርጋት የዓይንና የጣት ዕውቀት ነው፤ ስድስት ቲሸርት ፈጅቶብኛል።

ቀን 28

የመጀመሪያው ትዕዛዝ! የታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ መጡ። 24 ጥቁር ቲሸርት፣ በደረቱ ላይ የቡድኑ ስም በነጭ።

«እነዚህ ልጆች በየቀኑ አፈር የሚልሱ ናቸው። ቶሎ የሚለቅ ከሆነ ከአሁኑ ንገረኝ» አሉ።

አሥር ጊዜ የታጠበውን ናሙና አውጥቼ ሰጠኋቸው። «ይለጥጡት» አልኳቸው። ለጠጡት፤ በጥፍራቸውም ፋቁት። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ የልጆቹን መጠን የያዘ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። ግማሹን ክፍያ ቀብድ ተቀብዬ ደረሰኝ ጻፍኩ። ለልጆች ስለሆነ ፍታሌት የሚባለው ፕላስቲክ ማለስለሻ ኬሚካል የሌለበትን ቀለም ነው የምጠቀመው፤ ይህንንም ነገርኳቸው።

ቀን 29

ንድፉን ሳዘጋጅ የፊደላችንን ጠባይ ተማርኩ። አሠልጣኙ የሰጡኝ ጽሑፍ በቀጭን ፊደል የተጻፈ ነበር። በኮምፒውተር ላይ ያምራል። በ43ቱ መረብ ስሞክረው ግን የ«ሌ» ቀለበት ተደፈነ፣ የ«ሺ» እግር ጭራ ጠፍቶ «ሸ» ሆነ። በሌሎች ጽሕፈቶች አንድ ጭረት ብትጠፋ ቃሉ ሊነበብ ይችላል፤ በእኛ ፊደል ግን ያቺ ጭረት ድምፁ ራሱ ናት። ፊደሉን ወፍራም ወደሆነ ቀየርኩ፤ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በእጅ አሰፋሁ፣ ጭራዎቹንም አስረዘምኩ። በዚህ ላይ ሦስት ሰዓት አጠፋሁ፣ አልቆጨኝም።

የተስተካከለውን በወረቀት አትሜ ለአሠልጣኙ ወሰድኩ፤ በእውነተኛው መጠን፣ ስፋቱ 22 ሳንቲሜትር። በጣታቸው ፊደል በፊደል እየተከተሉ አነበቡና ፈረሙበት። ይህ ፊርማ ሳይኖር ስክሪን አላዘጋጅም። ስም የተሳሳተበት ቲሸርት ለማንም አይሆንም፤ ጨርቁም ይጠፋል፣ የሰውየውም ስም ይደፈራል።

ቀን 31

24ቱን ለማድረስ 26 ገዛሁ። ትርፎቹ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ እጨነቅ ነበር፤ አንዱ ላይ ቀለም የነካ አውራ ጣቴ አረፈበት። አሁን ቲሸርት የሚያነሳና የሚያወርድ እጄ ቀለም አይነካም፤ ቀለም የሚነካው ቀኝ እጄ ነው። ሕትመቱ ከአንገትጌው ስፌት 7 ሳንቲሜትር ወረድ ብሎ ይጀምራል፤ ለትንንሾቹ 5። ማታ አስረከብኩ።

ቀን 33

ዋጋ የማወጣበትን መንገድ ዳግም ሠራሁት፤ የመጀመሪያው ስሕተት ነበር።

ሰዓቴን መዝግቤያለሁ። ፊልም ማተም፣ መረቡን ከቅባት ማጽዳት፣ መቀባት፣ ብርሃን መምታት፣ ማጠብ፣ ማስተካከል፣ በመጨረሻም ማጽዳት፦ የማድረቁን ጊዜ ሳይጨምር ለአንድ ቀለም 110 ደቂቃ። ይህ ለአንድ ቲሸርትም ለመቶ ቲሸርትም ያው ነው። ማተም፣ መጫንና ማጠፍ ደግሞ ለአንዱ 3 ደቂቃ። እንግዲህ አንድ ብቻ ብሠራ 113 ደቂቃ ይፈጃል። 12 ብሠራ ለእያንዳንዱ 12 ደቂቃ ገደማ፣ 24 ሲሆኑ ሰባት ደቂቃ ተኩል፣ 100 ሲሆኑ ከ4 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። በብዛት ለሚያዝ የምቀንሰው ዋጋ ቸርነት ሳይሆን ይህ ሒሳብ ነው። ሁለተኛ ቀለም ሲጨመር ሁለተኛ ስክሪን፣ ሁለተኛ ዝግጅት ይመጣል፤ በዚያ ላይ ሁለቱን ቀለማት ማገጣጠም አለ። ከ12 በታች የሆነ ትዕዛዝ በስክሪን አልቀበልም፤ ቪኒል ወይም የፊልም ዘዴ እጠቁማለሁ።

ሌላው ስሕተቴ በመቶኛው ላይ ነበር። ወጪዬ 100 ከሆነ 40 ጨምሬ 140 ስሸጥ 40 በመቶ አተረፍኩ ብዬ አስብ ነበር። 40 ከ140 ግን 28.6 በመቶ ነው። ከሽያጩ 40 በመቶ እንዲቀረኝ ከፈለግኩ 100ውን ለ0.6 ማካፈል አለብኝ፤ 167 ያህል ይመጣል። በመጀመሪያው ትዕዛዝ የተበላሸውን ቲሸርት፣ የመብራቱን፣ የእኔንም ሰዓት ስጨምርበት ያተረፍኩት እጅግ ጥቂት ነው። ለአሠልጣኙ የነገርኳቸውን ዋጋ አልለውጥም። ከሚቀጥለው ሰው ጀምሮ ግን ትክክለኛውን እናገራለሁ፤ በማያዋጣ ዋጋ የገባ ሥራ መጨረሻው ካውያውን ቶሎ ማንሳት ነው፣ ቶሎ የተነሳ ካውያ ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል።

ቀን 38

15 ቀይ ቲሸርት፣ በነጭ ሕትመት፣ ለአንድ የንባብ ክበብ። ትናንት ሳበቃ ነጩ እንደ ወተት ነበር። ዛሬ ጠዋት ጽጌረዳ ሆኗል። አሥራ አምስቱም!

ልብሱ ላይ የተሰፋው ምልክት ሙሉ ጥጥ ይላል። ከትርፉ ቲሸርት ዘርፍ ላይ ጥቂት ክር መዝዤ በክብሪት አቃጠልኩ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና በጣት የሚደቅ ግራጫ አመድ ይተዋል። የእኔ ክር ከፊሉ አመድ ሆነ፤ ከፊሉ ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ሆነ። ፖሊስተር አለበት። ፖሊስተር የሚነከርበት ቀለም በከፍተኛ ሙቀት ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ከክሩ ወጥቶ በላዩ ያለው ነጭ ውስጥ ይገባል። ለሰብሊሜሽን ሕትመት ጥቅም የሚሰጠው ጠባይ እዚህ ጠላት ሆነብኝ። ከዚህ የከፋው፣ ለውጡ ወዲያው አለመታየቱ ነው፤ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ነው የሚወጣው። ሕጌን የጣስኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ቀይ ጨርቅ ከዚህ ቀለም ጋር አላጠብኩትም ነበር፣ ምልክቱን አምኜ አለፍኩ።

ለክበቡ ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው፤ ሁለት ሳምንት ጠየቅኩ። ተስማሙ። አዲስ ቀይ የጥጥ ልብስ በራሴ ወጪ ገዛሁ፤ ከመግዛቴ በፊት ባለሱቁን አስፈቅጄ ክር አቃጠልኩ። ለቅይጥ ጨርቅ ደግሞ በ130 ዲግሪ የሚበስልና የጨርቁን ቀለም ለማገድ የተሠራ ነጭ አዝዣለሁ።

ቀን 44

አንድ ወጣት የታዋቂ የእግር ኳስ ክለብ አርማ ያለበት 40 ቲሸርት ሊያሠራ መጣ። እስካሁን ከመጡልኝ ትዕዛዞች ትልቁ ነበር። አልሠራም አልኩት። አርማው ባለቤት አለው፤ ከኢንተርኔት መውረዱ የእኛ አያደርገውም። ቅር ብሎት ሄደ። የራሱን ንድፍ ይዞ ቢመለስ ግን የዝግጅቱን ዋጋ እንደማላስከፍለው ነግሬዋለሁ።

ቀን 52

የክበቡን 15 ትናንት አስረከብኩ። ናሙናው አሥር ጊዜ ታጥቧል፤ ነጩ ነጭ ነው።

ዛሬ አሠልጣኙ ተመለሱ፤ ለረዳቶቻቸው 6፣ ለአዲስ ልጆች ደግሞ 10 ቲሸርት ፈልገው። በእጃቸው የአንዱን ትንሽ ልጅ ቲሸርት ይዘው ነበር። «ሌላው ሁሉ ደኅና ነው። ይህቺን ግን እያት» አሉኝ። የመጨረሻው ፊደል ቀኝ ጠርዝ ሳስቶ ጥቁሩ ጨርቅ ይታያል። ለረጅም ጊዜ አገላበጥኩት። ስንጥቅ አይደለም፣ መላጥም አይደለም፤ ከመጀመሪያው በቂ ቀለም አልወረደበትም።

ከሄዱ በኋላ ቲሸርቱን ሰሌዳው ላይ አለበስኩት፤ ወዲያው አየሁት። ሰሌዳው 38 ሳንቲሜትር ስፋት አለው፤ ለአዋቂ የተሠራ ነው። የልጁ ልብስ ተወጥሮ ሲገባ የብብቱ ስፌት ወደ ላይ ይወጣና ስክሪኑን ያነሳዋል፤ ከስፌቱ አጠገብ መረቡ ጨርቁን በደንብ አይነካውም። ከ24ቱ ውስጥ የዚህ መጠን የነበሩት አራት ናቸው። አራቱንም መልሰው እንዲያመጡልኝ ደወልኩ።

ማታ ከተረፈው ጣውላ ጠባብ ሰሌዳ ቆረጥኩ፤ ስፋቷ 25 ሳንቲሜትር። ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ክር እንዳይዛት። ነገ ጠዋት በአራቱ ትንንሽ ቲሸርቶች እጀምራለሁ፤ በአዲስ ጨርቅ፣ ያለ ክፍያ። አሥራ ስድስቱ ከዚያ በኋላ ይቀጥላሉ።